መንግሥት ለማን ዋስ ሆነ? የአሜሪካ የቤት ብድርና የዘር ልዩ ጥቅም ታሪክ

አሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። «እኛ በባዶ እጃችን መጥተን በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ቤት ገዛን። እነሱ እዚሁ ተወልደው፣ ቋንቋው የራሳቸው ሆኖ፣ ለምንድን ነው እስካሁን በኪራይ የሚኖሩት?» ይባላል። «እነሱ» የሚባሉት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። አንዳንዱ ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ግን ጥያቄው መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፦ «ስለማይሠሩ ነዋ!»

መልሱ ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሒሳብ ስህተት ነው። አሜሪካ ውስጥ ቤት በምን ገንዘብ ሲገዛ እንደኖረ፣ ገንዘቡን ማን እንዳገኘና ማን እንደተከለከለ ሳይቆጠር የተሠራ ሒሳብ ነው። እስቲ ከ1930ዎቹ ጀምረን እንቁጠረው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የተማርኩት ሲቪል ምህንድስና ነው። ስለዚህ ዘረኝነት ሲነሳ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው በሰዎች ልብ ውስጥ ያለው ጥላቻ ሳይሆን ሲስተሙ ነው፦ ምን ገባበት? ምን ወጣ? የወጣውስ ተመልሶ የት ገባ? የዘር ልዩ ጥቅም ትልቁ ጉልበቱ እዚህ ጋ ይመስለኛል። ጥቅሙን የሚያገኘው ሰው ማንንም መጥላት አይጠበቅበትም። ብድሩን ፈርሞ፣ በየወሩ እየከፈለ፣ ልጆቹን እያሳደገ በሰላም ቢኖር ይበቃል።

ዋሱ

ከ1930ዎቹ በፊት ቤት በብድር መግዛት ለተራ ሠራተኛ ከባድ ነገር ነበር። ባንኮች በአብዛኛው የቤቱን ዋጋ ግማሽ ያህል ብቻ ያበድራሉ። የመክፈያው ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። ተበዳሪው በየጊዜው የሚከፍለው ወለዱን ሲሆን ዋናው ብድር መጨረሻ ላይ ባንድ ጊዜ ይጠየቃል። ያ ቀን ሲደርስ ሌላ አበዳሪ ካልተገኘ ቤቱ ሄደ ማለት ነው። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራንም ባንክንም ሲያናጋ ይህ አሠራር አብሮ ፈረሰ፤ ሰዎች በየከተማው ቤታቸውን ለባንክ ማስረከብ ጀመሩ።

የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት ሁለት ተቋማት አቋቋመ። የመጀመሪያው በ1933 የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን (ኤች.ኦ.ኤል.ሲ.) ነው። ቤታቸውን ሊያጡ የደረሱ ሰዎችን ብድር ከባንኮች እየተረከበ ረዘም ባለ ጊዜ በሚከፈል ብድር ተካው፤ 1 ሚሊዮን ያህል ብድሮች በዚህ መንገድ ተስተካክለዋል። ሁለተኛው በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር (ኤፍ.ኤች.ኤ.) ነው። ይሄኛው ራሱ አያበድርም። ሥራው ዋስ መሆን ነው።

ዋስ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ሁለት ሰዎች እኩል ደመወዝ፣ እኩል ጸባይ ቢኖራቸውም ዋስ ያለውና ዋስ የሌለው አበዳሪ ፊት እኩል አይደሉም። አሁን ዋሱ አጎት ወይም የሰፈር ነጋዴ ሳይሆን የአሜሪካ መንግሥት ነው እንበል። ባንኩ ምን ይፈራል? ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያው ወደ 20 በመቶ፣ በኋላም ከዚያ በታች ወረደ። የመክፈያው ጊዜ ወደ 20፣ ከዚያ ወደ 25፣ ከዚያም ወደ 30 ዓመት ተዘረጋ። ወርሃዊው ክፍያ ወለዱንም ዋናውንም አብሮ እየጨረሰ የሚሄድ ሆነ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ የሚከፍለው የ30 ዓመት ብድር የዚያ ዘመን ፈጠራ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛውን ባለ ቤት ያደረገው ይህ ዋስትና ነው።

ሁሉንም ግን አይደለም።

ካርታው

በአማርኛ «ካርታ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው፦ የመሬቱን ሥዕል፣ ደግሞም የቤት ባለቤትነት ማረጋገጫውን ወረቀት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ካርታዎች አሉ።

ኤች.ኦ.ኤል.ሲ. በ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከ200 በላይ ከተሞችን በሰፈር በሰፈር ከፋፍሎ በአራት ቀለም ቀባ። አረንጓዴው ምርጥ፣ ሰማያዊው ደህና፣ ቢጫው እያሽቆለቆለ ያለ፣ ቀዩ ለብድር አደገኛ ነው። የሰፈሩ መረጃ የሚሞላበት ቅጽ የቤቶቹን ዕድሜና ይዞታ ይጠይቃል፤ እስከዚህ ድረስ ማንም መሐንዲስ የሚሠራው ነው። ቀጥሎ ግን የነዋሪዎቹን ዘርና የትውልድ አገር ይጠይቃል፤ ጥቁሮች ወደ ሰፈሩ «እየገቡ» እንደሆነም ይመዘግባል። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ቀይ ሆነ። «ሬድላይኒንግ» የሚለው ቃል፣ ማለትም ሰፈርን በቀይ መስመር ከልሎ ብድር መንፈግ፣ ከዚህ ቀለም ጋር ተያይዞ ይነሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ካርታዎቹ ዲጂታል ሆነው ኢንተርኔት ላይ ከወጡ ወዲህ በጣም ዝነኛ ስለሆኑ ጥፋቱን ሁሉ በእነሱ ላይ መከመር ተለምዷል። ይህ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። ኤች.ኦ.ኤል.ሲ. አብዛኛውን ብድር የሰጠው ካርታዎቹ ሳይሠሩ በፊት ነው፤ ለጥቁር ባለ ቤቶችም አበድሯል። በቀዩ ክልል ውስጥ ድሃ ነጮችም በብዛት ይኖሩ ነበር። ከባዱን ሥራ የሠራው ዋሱ፣ ኤፍ.ኤች.ኤ. ነው። የራሱ ካርታዎች ነበሩት፤ የራሱ የግምት መመሪያም ነበረው። መመሪያው ለገማቾች በግልጽ እንደሚያስረዳው የተለያየ ዘር ያላቸው ሰዎች በአንድ ሰፈር መኖራቸው የቤት ዋጋን ያወርዳል። ስለዚህ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክል አንቀጽ በባለቤትነት ውሉ ላይ ቢገባ ይመረጣል፤ ሰፈሩን ከሌላው የሚለይ የተፈጥሮ ወይም ሰው ሠራሽ አጥር ቢኖርም ጥሩ ነው። አንቀጹ በውሉ ላይ ካለ ዋስትና ማግኘት ይቀላል። በሁለተኛው ትርጉም «ካርታ» የሚባለው ወረቀት ቀለም የተቀባው እንዲህ ነው።

«ሳይንሱስ ምን ይል ነበር?» ለሚል ሰው መልስ አለ። ሆመር ሆይት የተባለ ኢኮኖሚስት በ1933 ስለ ቺካጎ የመሬት ዋጋ የመቶ ዓመት ታሪክ ትልቅ የዶክትሬት ጥናት ጻፈ። በውስጡ ሕዝቦችን በመሬት ዋጋ ላይ በሚያሳድሩት ተጽዕኖ በደረጃ የሚያስቀምጥ ዝርዝር አለ። እንግሊዞች፣ ጀርመኖች፣ ስኮቶች፣ አይሪሾችና ስካንዲኔቪያውያን ከላይ ናቸው። ከዚያ የሰሜን ጣልያኖች፣ ቼኮች፣ ፖላንዶች፣ ሊትዌኒያውያን፣ ግሪኮች፣ ድሃ የሩሲያ አይሁዶች፣ የደቡብ ጣልያኖች እያለ ይወርዳል። ከታች ጥቁሮችና ሜክሲካውያን አሉ። የዝርዝሩ ምንጭ ልኬት አልነበረም፤ የአንድ የቺካጎ የቤት ደላላ አስተያየት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሆይት ኤፍ.ኤች.ኤ. ውስጥ በኢኮኖሚስትነት ተቀጠረ። የደላላ ወሬ የመንግሥት ቀመር ሆነ።

ከዝርዝሩ በኋላ የሆነውም ያስተምራል። ጣልያኑም፣ ፖላንዱም፣ አይሁዱም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ «ነጭ» ተብለው ከከተማ ዳር በተሠሩት አዳዲስ መንደሮች ቤት መግዛት ቻሉ። በሩ ሲሰፋ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ውጭ ቀሩ።

የዲትሮይቱ ግንብ

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን በጣም የሚገርመኝ በዲትሮይት ከተማ፣ ኤይት ማይል ከሚባለው መንገድ አጠገብ የቆመው ግንብ ነው። በ1941 ተሠራ። ርዝመቱ 800 ሜትር ያህል፣ ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ውፍረቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ቤት አልሚ በቦታው ለነጮች የሚሸጡ ቤቶችን ሊሠራ አስቦ የመንግሥትን ዋስትና ጠየቀ። አጠገቡ ጥቁሮች ሰፍረው ስለነበር ተከለከለ። አልሚው መፍትሔ አመጣ፦ በመካከል ግንብ እሠራለሁ። ዋስትናው ተፈቀደ።

ይህን ግንብ እንደ መሐንዲስ ስታዩት ምንም አይሠራም። አፈር አይደግፍም። ጎርፍ አይመልስም። ጣሪያ አይሸከምም። ጫፎቹ ክፍት ስለሆኑ ማንም ዞሮ ያልፈዋል፤ ጎረምሳ ከሆነማ ይዘለዋል። አፈሩ በሁለቱም በኩል አንድ ነው፣ አየሩም አንድ ነው። ሆኖም በአንዱ በኩል ያለው ሰው በመንግሥት ዋስትና ቤት ይገዛል፤ በሌላኛው በኩል ያለው አይገዛም። በኮንክሪቱ ላይ የተጫነው ብቸኛ ሸክም የባንክ ብድር ነበር።

ከግንቡ ማዶ ቤት የገዛው ነጭ ሠራተኛ ግንቡን አልሠራውም። ምናልባት መኖሩንም አልወደደው ይሆናል። ግን የወር ክፍያው ላይ አለ። ልዩ ጥቅም የምንለው ይህን ነው፤ ሰውየው ጥሩም ሆነ ክፉ ብድሩ አይለወጥም።

60 ዶላር በወር

ከጦርነቱ በኋላ ዊልያም ሌቪት የተባለው አልሚ ከኒው ዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ በሎንግ አይላንድ፣ የድንች እርሻ በነበረ ሜዳ ላይ ሌቪታውንን ሠራ። እውነቱን ለመናገር የግንባታ ዘዴው ያስደንቃል። መኪና በፋብሪካ ሲገጣጠም መኪናው ይሄዳል፣ ሠራተኛው ይቆማል። እዚህ ግን ቤቱ ቆሞ ሠራተኞቹ ከቤት ቤት ይሄዳሉ፤ አንዱ ቡድን መሠረት ያፈስሳል፣ ሌላው ግድግዳ ያቆማል፣ ሌላው ቀለም ብቻ ይቀባል። ሥራው በደራበት ጊዜ በቀን 30 ያህል ቤት ይጠናቀቅ ነበር። ከ1947 እስከ 1951 ድረስ 17,447 ቤቶች ተሠሩ።

በ1949 አንዱ ቤት 7,990 ዶላር ይሸጥ ነበር። ከጦርነት የተመለሰ ወታደር ያለ ቅድሚያ ክፍያ፣ በወር 60 ዶላር ገደማ እየከፈለ ይገባበታል። ይህ ሁሉ የቆመው በመንግሥት ዋስትና ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ውሎች ላይ ግን ቤቱ ነጭ ባልሆነ ሰው እንዳይያዝ የሚከለክል አንቀጽ ነበረ። አንቀጹ ከውሉ ከወጣ በኋላም አሠራሩ ቀጠለ። ያው ጦርነት የተዋጋ ጥቁር ወታደርስ? የ1944ቱ የወታደሮች ሕግ በጽሑፍ ዘር አይለይም። ብድሩን የሚሰጠው ግን የአካባቢው ባንክ ነው። በሚሲሲፒ ግዛት በ1947 ከተሰጡ 3,229 በሕጉ ዋስትና ያላቸው የቤት፣ የንግድና የእርሻ ብድሮች ውስጥ ለጥቁሮች የደረሱት 2 ናቸው። ሁለት መቶ አላልኩም፤ ሁለት።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሌቪታውን ውስጥ ያለ ቤት ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። ከ7,990 ወደ 500,000 በ75 ዓመት ሲሆን በዓመት 5.7 በመቶ ያህል ዕድገት ነው፤ በየዓመቱ ሲታይ እምብዛም የማይሰማ ቁጥር። የዋጋ ንረቱ ተቀንሶም የቤቱ ዋጋ ከአራት እጥፍ በላይ አድጓል። በዚህ መሐል አባትየው ቤቱን አስይዞ ልጁን ኮሌጅ አስተምሯል፤ ልጁ በተራው ሥራ ሲፈታ ወይም ሲታመም የሚመለስበት ቤት ነበረው፤ በመጨረሻም ወርሶታል። ወራሹን «ሀብትህ ከየት መጣ?» ብትሉት «አባቴ ለፍቶ» ይላል። አልዋሸም። አባቱ ለፍቷል። ልፋቱ ሲቆጠር ግን መንግሥት ዋስ ሆኖለታል፤ ዋስ ያልተገኘለት ሰውም ለፍቷል።

በ1957 ዊልያምና ዴዚ ማየርስ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት በፔንስልቬንያው ሌቪታውን ከአንድ ነጭ ባለ ቤት ገዝተው ገቡ። እሱም ከጦርነቱ የተመለሰ ወታደር ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ከብበው ድንጋይ ወረወሩ፤ የግዛቱ ፖሊስ መምጣት ነበረበት። ከሰልፈኞቹ ብዙዎቹ ያነሱት ምክንያት «የቤታችን ዋጋ ይወርዳል» የሚል ነበር። ይህን ፍርሃት ከየት አመጡት? ዋሱ ራሱ ነው የነገራቸው። ጥላቻ ቀድሞም እንደነበረ አይካድም፤ አሁን ግን የገንዘብ ምክንያት ተጨመረለት። ዱ ቦይስ በ1935 ባሳተመው መጽሐፉ ድሃ ነጭ ሠራተኛ ከዝቅተኛ ደመወዙ በተጨማሪ በነጭነቱ ብቻ የሚከፈለው ክብር እንደነበረ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ክብሩ በቤት ዋጋ መልክ በዶላር መቆጠር ጀመረ። በዶላር የሚቆጠር ነገር ሲመጣ ሰው ከእምነቱ ይልቅ ኪሱን ይጠብቃል።

ማይክራፎኑ ሲጮኽ

ሠርግ ቤት ወይም አዳራሽ ውስጥ ማይክራፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይሰማል። ማጉያው ያወጣውን ድምፅ ማይክራፎኑ መልሶ ይቀበላል፤ ማጉያው እንደገና ያጎላዋል፤ እንዲህ እያለ ይጮኻል። የማንንም ተንኮል አይፈልግም፤ ክቡ እስካልተቆረጠ ድረስ ራሱን በራሱ ያጎላል።

የቀዩ ሰፈርም እንዲሁ ነው። ብድር ስለሌለ ቤት አይታደስም። ቤት ስላልታደሰ ዋጋው ይወርዳል። በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤት ትልቅ የገንዘብ ምንጭ የአካባቢው የቤት ግብር ስለሆነ፣ የቤት ዋጋ ሲወርድ የትምህርት ቤቱም በጀት ይጎዳል። ትምህርት ቤቱ ሲዳከም አቅም ያለው ለቆ ይሄዳል፤ ዋጋው እንደገና ይወርዳል። ከዚያ ገማቹ መጥቶ ሰፈሩን ያይና «አደገኛ ነው ብለን አልነበር?» ይላል። ልጆቹን ወደ አረንጓዴው ሰፈር ያዛወረው ነጭ ቤተሰብም ዞር ብሎ አይቶ «እነዚህ ሰዎች ሰፈራቸውን አይጠብቁም» ይላል። ዘረኝነቱ ያመጣው ውጤት ለዘረኝነቱ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። የእኛዋ «ስለማይሠሩ ነዋ» የምትመጣው ከዚሁ ማጉያ ነው።

የመጀመሪያው ግምት፣ ማለትም ጥቁር ሲገባ ዋጋ ይወርዳል የሚለው፣ እውነት ነበር ወይ? ሉዊጂ ላውረንቲ የተባለ ኢኮኖሚስት በ1960 ባሳተመው ጥናት ጥቁሮች የገቡባቸውን ሰፈሮች ካልገቡባቸው ጋር አነጻጽሮ በአብዛኛው ዋጋው እንዳልወረደ፣ እንዲያውም ብዙ ቦታ ከፍ እንዳለ አገኘ። ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም፦ አማራጭ የሌለው ገዢ ከፍሎ ይገዛል።

ምን ያህል ከፍሎ? ክላይድ ሮስ ከሚሲሲፒ ወደ ቺካጎ የሄዱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማች ነበሩ። በ1961 ኖርዝ ላውንዴል በሚባለው ሰፈር ቤት በ27,500 ዶላር ገዙ። ሻጩ ከስድስት ወር በፊት የገዛው በ12,000 ዶላር ነበር። ባንክ ስለማያበድራቸው የገቡት በ«ኮንትራት» ነው። ይህ ኮንትራት እንደ ብድር ክፍያ ይከፈልበታል፣ እንደ ባለ ቤት ጥገናውም ግብሩም የገዢው ነው፤ ባለቤትነቱ ግን የመጨረሻዋ ሳንቲም እስክትከፈል ድረስ የሻጩ ነው። አንድ ወር ካመለጠ ሻጩ ማስወጣት ይችላል፤ የተከፈለው ሁሉ ቀረ፤ ቤቱ ለሌላ ጥቁር ቤተሰብ እንደገና ይሸጣል። ሮስና ጎረቤቶቻቸው በ1960ዎቹ መጨረሻ ተደራጅተው ክፍያ እስከ ማቆምና ፍርድ ቤት እስከ መሄድ ደረሱ። እንግዲህ «አይሠሩም» የተባለው ሰው ለዚያው ቤት ከእጥፍ በላይ ከፍሏል፤ ትርፉም ከሰፈሩ ወጥቶ ሄዷል።

መንገዱ

ይህ ክፍል የሙያ አጋሮቼን ይመለከታል። በ1956 የወጣው የአውራ ጎዳናዎች ሕግ ከተማ ከከተማ ለሚያገናኙት ፈጣን መንገዶች ወጪ 90 በመቶውን የፌዴራል መንግሥት እንዲከፍል ወሰነ። በከተሞች ውስጥ መስመሩ በየት ይለፍ? መሐንዲስ አማራጮችን ሲያወዳድር የመሬት ካሳን ያሰላል። ካሳ ርካሽ የሆነበት መስመር ያሸንፋል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አይጠይቅም። መሬቱ ርካሽ የሆነው ለሃያ ዓመት ብድር ስለተነፈገ ነው።

በሚኒሶታ ሴንት ፖል ከተማ ሮንዶ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ነበር፤ ሱቁ፣ ጋዜጣው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው። ዛሬ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በዚያ አካባቢ አይ-94 የሚባለውን መንገድ የማያውቅ ሾፌር የለም። የከተማዋ የፕላን መሐንዲስ ጆርጅ ሄሮልድ መስመሩ ወደ ሰሜን ገፍቶ የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ እንዲያልፍ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አልተቀበሉትም። መንገዱ ሮንዶን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ በ1968 ተከፈተ፤ ከ500 በላይ ቤተሰቦች ቤታቸውን አጡ። ካሳ የተከፈላቸው በወረደው ዋጋ ነው። ሌላ ሰፈር ሄደው ልግዛ ሲሉ ደግሞ የዘር ገደቡ ይጠብቃቸዋል። መንገዱ የጠቀመው ከከተማ ዳር እየነዳ ወደ ሥራ የሚገባውን ነው፤ ያ ሰው ደግሞ በዋስትናው ቤት የገዛው ነው። በ2015 የከተማዋ ከንቲባና የግዛቱ የትራንስፖርት ኃላፊ በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ሕጉ ከተለወጠ በኋላ

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ሼሊ በክሬመር ላይ ባቀረበው ጉዳይ፣ የዘር ገደብ ያለባቸውን ውሎች ፍርድ ቤቶች ማስፈጸም እንደማይችሉ ወሰነ። ከዘጠኙ ዳኞች ሦስቱ ምክንያታቸውን ሳይገልጹ ከችሎቱ ራሳቸውን አገለሉ፤ እነሱም የሚኖሩት እንዲህ ያለ ውል ባለበት ቤት ስለሆነ ነው ተብሎ በሰፊው ይታመናል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1968፣ በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን የሚከለክለው ሕግ ተፈረመ።

ማይክራፎኑ ግን ገና ይጮኻል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 ባደረገው የቤተሰብ ሀብት ጥናት የመሐለኛው ነጭ ቤተሰብ የተጣራ ሀብት 285,000 ዶላር፣ የመሐለኛው ጥቁር ቤተሰብ 44,900 ዶላር ነው። ስድስት እጥፍ። ገቢ ብቻ ይህን አያመጣም፤ ውርስ ነው የሚያመጣው። በአካል የሚለካም አለ፦ በ2020 የወጣ አንድ ጥናት በ108 የአሜሪካ ከተሞች የድሮ ቀይ ሰፈሮችን ሙቀት ከሌሎቹ ጋር ሲያነጻጽር ቀዮቹ በአማካይ በ2.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሞቃሉ። ዛፍ አልተተከለባቸውም፤ አስፋልት ግን በዝቷል። የሰማንያ ዓመት ቀለም በቴርሞሜትር ይታያል።

ወደ «እኛ በአሥር ዓመት ገዛን» እንምጣ። በትውልድ አገር ኮታ ስደተኛን የሚመርጠው የአሜሪካ ሕግ የተሻረው በ1965 ነው፤ ያም የመጣው የጥቁር አሜሪካውያን ትግል በጋለበት ጊዜ ነው። ኢትዮጵያውያን በብዛት መሄድ የጀመሩት ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ስለሆነ የደረሱት የ1968ቱ ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። በዲቪ የሄደው ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ወይም የሥራ ልምድ ያለው ነው፤ ያም ማለት ሳይሄድ የተመረጠ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በተሠሩ ብዙ መንደሮች የቤት ውል ላይ «ለጥቁር አይሸጥም» የሚል አንቀጽ ነበር። ዛሬ እዚያ ቤት ያለው ኢትዮጵያዊ በሌላ ሰው ትግል በተከፈተ በር ነው የገባው። ተግቶ መሥራቱን፣ እቁብ ጥሎ መቆጠቡን ማንም አይነጥቀውም። ግን ስኬቱን አንስቶ ለሌላው መክሰሻ ሲያደርገው የሆይትን ዝርዝር ሳያውቅ እያስቀጠለ ነው። በዚያ ዝርዝር ላይ ደግሞ ልጁ የት ደረጃ ላይ እንደሚወድቅ ማየት ይችላል፤ አሜሪካዊ ገማች በር ላይ ቆሞ አበሻና ጥቁር አሜሪካዊ አይለይም።

ክቡን ለመቁረጥ የሚደረጉ ሙከራዎች እስካሁን ጥቂት ናቸው። ከቺካጎ አጠገብ ያለችው ኤቫንስተን ከተማ ከ1919 እስከ 1969 ባለው ጊዜ በከተማዋ ይኖሩ ለነበሩ ጥቁሮችና ለቀጥተኛ ዘሮቻቸው፣ ለቤት መግዣ፣ ለጥገና ወይም ለብድር መክፈያ የሚውል 25,000 ዶላር ለመስጠት በ2021 ወሰነች። በጥር 2022 የመጀመሪያዎቹ 16 ሰዎች ተመረጡ። በ2024 ፕሮግራሙ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሰሰ። የከሳሾቹ መከራከሪያ ከተማዋ ገንዘቡን በዘር ለይታ ትሰጣለች የሚል ነው።